በሀዋሳ በእጅ የሚሠራ ሳሙና፦ ከሚዛን እስከ ገበያ

በእጅ የሚሠራ ሳሙና በጥቂት ካፒታል ሊጀመሩ ከሚችሉ ሥራዎች አንዱ ነው። ሆኖም ብዙ ጀማሪዎች መንገድ ላይ የሚተዉት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ ቅባቱንና ኮስቲክ ሶዳውን በሚዛን ሳይሆን በስኒና በማንኪያ እየለኩ የመጀመሪያዎቹን ድብልቆች ማበላሸታቸው ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ሳሙናው ለሽያጭ እስኪደርስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መቀመጥ እንዳለበት ሳያስቡ ያላቸውን ገንዘብ በሙሉ በጥሬ ዕቃ ላይ ማዋላቸው ነው። ይህ መመሪያ በሀዋሳ ከተማ በቤታቸው ሠርተው በአካባቢያቸው ለመሸጥ ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ከመዓዛውና ከማሸጊያው ውበት ይልቅ ሚዛንና ጊዜ ላይ ያተኩራል።

አስቀድሞ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በአጭር ሥልጠናዎች «የሳሙና አሠራር» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሚመለከተው ፈሳሽ ሳሙናን፣ ማለትም ሰልፎኒክ አሲድ፣ ቴክሳፖን፣ ጨውና ውሃ ተደባልቀው የሚዘጋጀውንና ሰው ላርጎ እያለ የሚገዛውን የዕቃ ማጠቢያ ነው። እርሱ ቶሎ የሚደርስና ቶሎ የሚሸጥ ነው፤ ነገር ግን ተወዳዳሪው ብዙ፣ ትርፉም ቀጭን ነው። እዚህ የምንነጋገረው ከቅባትና ከኮስቲክ ሶዳ ስለሚሠራው ደረቅ የገላ ሳሙና ነው።

ሒሳቡ

ቅባት በውሃ ከሟሟ ኮስቲክ ሶዳ፣ በኬሚካዊ ስሙ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲዋሐድ ወደ ሳሙናና ወደ ግሊሰሪን ይለወጣል። መጠኑ በትክክል ከተመዘነ በደረሰው ሳሙና ውስጥ አንድም ቆዳ የሚያቃጥል ሶዳ አይቀርም፤ ከበዛ ግን ሳሙናው ቆዳ ይልጣል፣ ካነሰ ደግሞ ይለሰልስና በጥቂት ወራት ውስጥ የከረመ ዘይት መሽተት ይጀምራል። ችግሩ እያንዳንዱ ቅባት የሚፈልገው የሶዳ መጠን የተለያየ መሆኑ ነው። 1 ግራም የበሬ ሞራ 0.140 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፤ በየሱቁ የምናውቀው የሚረጋው የፓልም ዘይት 0.141፣ የኮኮናት ዘይት 0.183፣ የሱፍ አበባ ዘይት 0.134፣ የኑግ ዘይትም ከዚሁ ጋር የተቀራረበ፣ የጉሎ ዘይት 0.128 ይፈልጋሉ። በአንዳንድ ሠንጠረዦች ላይ የሚገኙት ቁጥሮች የተሰሉት ለፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እነዚህን ለኮስቲክ ሶዳ ለመጠቀም በ0.713 ማባዛት ያስፈልጋል። ሳያባዙ መጠቀም ሶዳውን ከሚገባው በሲሶ በላይ ያበዛዋልና ጨዋታ አይደለም።

ለጀማሪ የምመክረው ድብልቅ 500 ግራም የተጣራ ሞራ፣ 200 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 200 ግራም የሱፍ አበባ ወይም የኑግ ዘይት እና 100 ግራም የጉሎ ዘይት ያለበት ነው። ሞራው ሳሙናውን ያጠነክራል፣ ኮኮናቱ አረፋውን ያበዛል፣ ጉሎው አረፋውን ያረጋጋል፣ ፈሳሹ ዘይት ደግሞ ለቆዳ ያለሰልሰዋል። እያንዳንዱን በየራሱ ቁጥር ብናባዛ 70፣ 36.6፣ 26.8 እና 12.8፣ በድምሩ 146.2 ግራም ሶዳ እናገኛለን። ይህ ቅባቱን አሟጦ የሚለውጠው መጠን ነው። ለጥንቃቄም ለቆዳም ሲባል ከዚህ ላይ 5 በመቶ ይቀነሳል፤ ስለዚህ የምንመዝነው 139 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ሲሆን፣ የምናሟሟውም በ320 ግራም ውሃ ነው።

አሁን የኮኮናት ዘይቱ ውድ ሆነበት እንበልና አንድ ሠሪ በቦታው 200 ግራም ሞራ ቢጨምር ምን ይሆናል? የሚያስፈልገው ሶዳ ከ146.2 ወደ 137.6 ይወርዳል። ሰውየው ሶዳውን ሳይቀንስ በ139 ግራም ቢቀጥል ቅባቱን ጨርሶ የሚተርፍ ሶዳ በሳሙናው ውስጥ ይቀራል ማለት ነው፤ ትክክለኛው መጠን 131 ግራም ነበር። በአንጻሩ ሞራውን በፓልም ዘይት ቢተካ ሒሳቡ በግማሽ ግራም ብቻ ስለሚለያይ 139ኙ አይነካም። ስለዚህ አንድም ቅባት ሲቀየር ሒሳቡ ከመጀመሪያው እንደገና ይሠራል። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይል» የሚባል ነገር በዚህ ሥራ የለም።

ዕቃና ጥንቃቄ

አስገዳጁ ዕቃ እስከ አንድ ግራም ድረስ የሚለካ ዲጂታል ሚዛን ነው፤ ለሌላ ነገር ገንዘብ ባይኖር እንኳ ለእርሱ ሊኖር ይገባል። ከዚያ ውጭ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ወፍራም የፕላስቲክ ጆግ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ረጅም የጎማ ጓንት፣ ዓይንን ግራና ቀኝ የሚሸፍን መነጽርና ሽርጥ ያስፈልጋሉ። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መቀላቀያ ካለ የአንድ ሰዓት ማማሰልን ወደ ጥቂት ደቂቃ ያወርዳል፤ መብራት ከጠፋ ግን በእንጨት ማንኪያ መጨረስ ስለሚቻል ሥራው አይቋረጥም። የአሉሚኒየም ድስትና ማንኪያ ፈጽሞ አይገቡም፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። በአብዛኛው ቤት የሚገኘው ቀላሉ ድስት አሉሚኒየም በመሆኑ ይህን ደጋግሞ ማስታወስ ይገባል። ለሳሙና የተመደበ ዕቃም ተመልሶ ለወጥ አይውልም።

ኮስቲክ ሶዳ ሲገዙ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ምርቶች የብረት ፍንጣሪ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለባቸው ስለሆኑ ለሳሙና አይሆኑም። ሶዳው ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ኃይሉ ስለሚደክም፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። የሟሟውን ሶዳ ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ሊባል የሚገባው ልማድ ነው። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ከውሃ አይለይም፤ ከጨዋታ ተጠምቶ የገባ ልጅ ጠርሙሱን አንስቶ አንድ ጊዜ ቢጎነጭ ጉሮሮው ዕድሜ ልኩን ሊጎዳ ይችላል። የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያሟሙ፤ ያሟሙትንም በዚያው ሰዓት ይጨርሱት።

ሶዳው ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በሚወርድ ብዙ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ዓይን ከነካ እየታጠበ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ኮምጣጤ ጠረጴዛ ለመወልወል እንጂ ለተቃጠለ ቆዳ አይደለም። የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀናት ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ከአጠገብዎ ያስቀምጡ።

ሞራውን ማጣራት

ሞራ ከሉካንዳ በርካሽ፣ ለደንበኛ ደግሞ አንዳንዴ በነጻ ይገኛል። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ግን አብዛኞቹ ሉካንዳዎች ስለሚዘጉ፣ ለፋሲካ የሚደርስ ሳሙና የሚያስብ ሰው ሞራውን ከቅበላ በፊት ሰብስቦና አንጥሮ ማስቀመጥ አለበት። በኩላሊት ዙሪያ የሚገኘው ጠንካራው ነጭ ሞራ ከሌላው ይመረጣል።

ሥጋና ደም ያለበትን ክፍል ቆርጠው ካስወገዱ በኋላ ሞራውን በደቃቁ ይክተፉት፤ በደቀቀ ቁጥር በትንሽ እሳት ቶሎ ይቀልጣል። በድስቱ ውስጥ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ጨምረው ሳይንተከተክ በዝግታ ያቅልጡት፤ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ሌሊቱን እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። በማግስቱ ቅባቱ ከውሃው በላይ ረግቶ ይገኛል፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ግራጫ መልክ ያለው፣ የሥጋ ሽታ የያዘ ስስ ዝቃጭ ተጣብቆ ይታያል። ይህ በቢላ ተፍቆ ይጣላል። ሞራው በአዲስ ውሃና ጨው ሁለተኛ፣ ካስፈለገም ሦስተኛ ጊዜ እንዲሁ ይደረጋል። የሚፈለገው ነጭ፣ ሲያሸቱት ምንም የማይል ቅባት ነው። በዚህ ደረጃ የቀረ ሽታ በመዓዛ ዘይት ይሸፈናል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው፤ መዓዛው በሳምንታት ውስጥ ሲተን የሞራው ሽታ ተመልሶ ይወጣል።

የእንስሳት ቅባት ያለበትን ሳሙና ለመጠቀም የማይፈልጉ ደንበኞች አሉ፤ ሞራው ከየት እንደመጣ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለእነርሱ በፓልም ዘይት የተሠራ ለብቻው ማዘጋጀትና በመለያ ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ይቻላል።

ማዋሐድ

መጀመሪያ ሶዳው ይሟሟል። መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ወይም ከተቻለ ደጅ ላይ፣ ልጆችና የቤት እንስሳት በሌሉበት ይሠራል። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ውሃ በሶዳ ላይ ከፈሰሰ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ፊት ሊረጭ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጆግ ውስጥ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሱ በማንኪያ ያማስሉት። ውሃው ያለ እሳት እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል፤ የሚወጣው እንፋሎት ጉሮሮ ስለሚከነክን ፊትዎን ዞር ያድርጉ። መጀመሪያ ደፍርሶ የነበረው ሲጠራ ሟሟ ማለት ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሳሙናውን ስለሚያሻክረው የታሸገ ውሃ መጠቀም ይሻላል፤ የአንድ ድብልቅ ውሃ ከሦስት መቶ ግራም ብዙም ስለማይበልጥ ወጪው አያስጨንቅም።

ሶዳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሞራውንና የኮኮናት ዘይቱን በትንሽ እሳት አቅልጠው፣ ከእሳት አውርደው ፈሳሽ ዘይቶቹን ይጨምሩ። ሁለቱም ወደ 45 ዲግሪ ሲወርዱ የሶዳውን ውሃ በቀጭኑ እያፈሰሱ ያማስሉ። ሞራ ያለበት ድብልቅ ከ40 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ቅባቱ መርጋት ይጀምርና ድብልቁ የወፈረ ይመስላል፤ ይህ ግን ሐሰተኛ ውፍረት በመሆኑ በቅርጽ ማውጫው ሣጥን ውስጥ ተመልሶ ቅባትና ውሃ ሆኖ ይለያያል። እውነተኛው ምልክት ድብልቁ በሙሉ አንድ ወጥ መልክ ይዞ እንደ አጥሚት ሲወፍርና ከማንኪያው የሚንጠባጠበው ቶሎ ሳይሰምጥ በላዩ ላይ መስመር ሠርቶ ሲቆይ ነው። የኤሌክትሪክ መቀላቀያ የሚጠቀሙ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ አስነሥተው፣ አጥፍተው በእጅ እያማሰሉ ይቀጥሉ፤ ያለማቋረጥ ካስኬዱት ሳያስቡት ድስቱ ውስጥ ይደርቅብዎታል።

መዓዛና ሌላ ጭማሪ የሚገባው ድብልቁ መወፈር ሲጀምር ነው። ለ1 ኪሎ ቅባት ከ20 እስከ 30 ግራም የመዓዛ ዘይት ይበቃል። ከጠጅ ሣርና ከባሕር ዛፍ የሚወጡት በዋጋም በጠባይም ለጀማሪ ይመቻሉ፤ የቅርንፉድና የቀረፋ ዘይት ግን ድብልቁን በቅጽበት ሊያደርቁት፣ ቆዳም ሊቆጡ ስለሚችሉ ይቆዩ። ስለ መዓዛማ ተክሎች በርትቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም፤ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ የሚሠራ ተቋም ነው። ከአካባቢው ዕቃ ሳሙናን የሚያሳምሩ ሌሎችም አሉ፤ የሺፈራው ቅጠል ዱቄት አረንጓዴ ያደርገዋል፣ እርድ ቢጫ ያደርገዋል፣ ደርቆ የደቀቀ የቡና አተላ ደግሞ ተረከዝ ለሚፈትጉ ይሆናል። ከእነዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ድብልቅ በቂ ነው። የሺፈራው አረንጓዴ በብርሃን እየደበዘዘ ወደ ቡናማ እንደሚሄድ ለደንበኛ አስቀድሞ መንገር ከጭቅጭቅ ያድናል። እርጥብ ቅጠልና የፍራፍሬ ጭማቂ ግን ስለሚበላሹ ባይገቡ ይሻላል። በሲዳማ አቮካዶ በብዛት ስለሚመረት፣ ዘይቱ በተመጣጣኝ ዋጋ ሲገኝ በሱፍ አበባው ቦታ ሊገባ ይችላል፤ የሶዳ ፍላጎቱ 0.133 ያህል ነው።

እንዶድ ስለሚጨምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። እንዶድ አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት፣ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉበት ተክል ነው። አረፋው የሚመጣው ግን ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር እንጂ ከቅባትና ከሶዳ ውሕደት አይደለም። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለፊት ሳሙና ይጠቅማል ብሎ መሸጥ በእኔ ግምት ትክክል አይደለም።

የወፈረው ድብልቅ በዘይት ወረቀት በተሸፈነ የጣውላ ሣጥን ውስጥ ይፈስሳል፤ ተከድኖ በጨርቅ ይሸፈንና ለአንድ ቀን ይተዋል። ባዶ የወተት ወይም የጭማቂ ካርቶንም ውስጡ የአሉሚኒየም ሽፋን ከሌለው ያገለግላል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ ሲሆን፣ ጓንት አድርገው ይቁረጡት።

ማቆየት

የተቆረጠው ሳሙና አየር በሚያገኝበት፣ ፀሐይ በማይመታው መደርደሪያ ላይ ተራርቆ ይደረደራል፤ በየሳምንቱም ይገላበጣል። ሶዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በአብዛኛው ይጨርሳል፤ ቀሪዎቹ ሳምንታት ውሃው እንዲወጣና ሳሙናው እንዲጠነክር ነው። ያልደረሰ ሳሙና በደንበኛ መታጠቢያ ቤት በሳምንት ውስጥ ይሟሟል፤ ያ ደንበኛም አይመለስም። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትገኝም ሐይቁ አጠገቧ በመሆኑ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ማድረቁ ይዘገያል፤ ግሊሰሪኑም እርጥበት እየሳበ በሳሙናው ላይ ጤዛ የሚመስል ላብ ይታያል። በክረምት ከስድስት ሳምንት ላይ ሁለት ሳምንት መጨመር ብልህነት ነው። መድረሱን ለማወቅ አስተማማኙ ዘዴ ሚዛን ነው፤ አንዱን ሳሙና ለይተው በየሳምንቱ ይመዝኑት፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል።

ከመሸጥዎ በፊት እያንዳንዱን ድብልቅ ይፈትሹ። እርጥብ ጣትዎን በሳሙናው ላይ አሽተው የምላስዎን ጫፍ ይንኩበት፤ የሳሙና ጣዕም ብቻ ከተሰማዎት ደህና ነው፣ የሚነዝር ስሜት ካለው ሶዳ ተርፎበታል። በሳሙናው ገጽ ላይ ነጭ ዱቄት ብቻ ከታየ ሶዳው ከአየር ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ስለሆነ ይፋቃል፤ ሲቆረጥ የሚፈረፈርና በውስጡ ነጭ ጥራጥሬ ወይም ፈሳሽ የሚታይበት ግን አይሸጥም። ከወራት በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከወጣበትና የከረመ ዘይት ከሸተተ የኑጉ ወይም የሱፍ አበባው ዘይት በዝቷል ወይም ሲገዛም ያረጀ ነበር። ፈሳሽ ዘይቱን ከአምስተኛ እጅ አለማሳለፍ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ዋጋ

ከላይ የተሰጠው ድብልቅ በጠቅላላው 1,459 ግራም ስለሚሆን፣ እያንዳንዳቸው 122 ግራም ያህል የሚመዝኑ 12 ሳሙናዎች ይወጡታል፤ ሲደርቁ ወደ 100 ግራም ይወርዳሉ። በመለያው ላይ የሚጻፈው የደረቀው ክብደት ነው።

ወጪው ሲሰላ ቅባት፣ ሶዳ፣ መዓዛ፣ ነዳጅ ወይም ከሰል፣ ወረቀትና የባጃጅ ክፍያ ይደመራሉ። ለምሳሌ ድምሩ 600 ብር ቢሆን፣ በ12 ተካፍሎ 50 ብር ነው ማለት ያሳስታል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያልተስተካከለው፣ ለናሙና የሚሰጠውና ለፍተሻ የሚቀረው ሲወጣ የሚሸጠው አሥር ያህል ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ወጪ 60 ብር ነው። በዚህ ላይ የድካም ዋጋ ይጨመራል። ብዙ ሰው ድካሙን የማይቆጥረው በቤቱ ስለሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ድካሙ ያልታሰበበት ዋጋ ነገ ረዳት መቅጠር ሲያስፈልግ ሥራውን ይዘጋዋል። ከዚያም የሱቁ ድርሻ አለ። ለሱቅ የሚሰጥበት ዋጋና ራስዎ የሚሸጡበት ዋጋ ከመጀመሪያው ይለዩ፤ ከባለሱቁ ባነሰ ዋጋ በመንገድ ማዶ ከሸጡ ባለሱቁ ዕቃዎን ወደ ጓዳ ይመልሰዋል።

ከፋብሪካ ሳሙና ጋር በዋጋ መወዳደር አይሞከርም። ፋብሪካው በቶን ይገዛል፣ በማሽን ያትማል። የእጅ ሳሙና የሚሸጠው ግሊሰሪኑ በውስጡ በመቅረቱ፣ የሠራው ሰው በመታወቁና በስጦታነቱ ነው። አቅም ለሌለው ገዢ ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ 50 ግራም የሚመዝን ትንሽ ሳሙና ማዘጋጀት ይሻላል፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ለሚኖሩ ሠራተኞችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመቸው ይህ ነው።

ሥራው ከአንድ ወር በላይ ገንዘብ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ በእጅ ያለው ካፒታል ቢያንስ ለሁለት ተከፍሎ በየአስራ አምስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ያዋጣል። በዚህ አካሄድ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሁልጊዜ የደረሰ ሳሙና ይኖራል። ለእያንዳንዱ ድብልቅ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ግራምና የተገዛበት ቦታ በደብተር ይጻፍ፤ ቅሬታ ሲመጣ የትኛው ድብልቅ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ፈቃድና መለያ

ለጎረቤትና ለዘመድ ከመስጠት አልፎ ለሱቅና ለሆቴል ማቅረብ የሚፈልግ ሰው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ገላ ላይ የሚውሉ ምርቶችን የሚመለከተው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለሆነ፣ ምርቱ ሰፋ ከማለቱ በፊት የሚያስፈልገውን ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ከተቆጣጣሪው አካል ጠይቆ መረዳት ተገቢ ነው። በተለይ «ጭርት ያድናል፣ ማድያት ያጠፋል» የሚል ጽሑፍ በሳሙና ላይ አይጻፍም። ይህ ሳሙናውን ወደ መድኃኒትነት ጥያቄ ያስገባዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪም ማየት የሚገባውን ሰው ያዘገየዋል።

መለያው ላይ የሠሪው ስም፣ የገቡት ቅባቶች በሙሉ፣ ክብደቱ፣ የተሠራበት ቀንና ስልክ ይቀመጣሉ። ማሸጊያው ወረቀት ይሁን፤ በላስቲክ የታሸገ ሳሙና ያልብና መለያውን ያበላሸዋል።

ገበያ

በሀዋሳ ለእጅ ሳሙና የሚመቹ ገዢዎች በአንድ ቦታ አይገኙም። በሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ለክፍሎቻቸው ትናንሽ ሳሙና ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ደረሰኝ፣ ተመሳሳይ መጠንና ያልተቋረጠ አቅርቦት ይጠይቃሉ። የውበት ሳሎኖች ከሁሉም ቀላል በር ናቸው፤ ደንበኛዋ ፀጉሯ እስኪደርቅ ቁጭ ባለችበት ሳሙናውን አንሥታ ታሸታለች፣ ባለሙያዋን ትጠይቃለች። ለአንድ ሳሎን አንድ ሳሙና ለእጅ መታጠቢያ በነጻ መስጠት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል የሚዝናናው እንግዳ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚወስደው የሀዋሳ ዕቃ ይፈልጋል፤ የቡናውና የሺፈራው ሳሙና የሚሄደው ለእርሱ ነው።

ለሱቅ በዱቤ ማስረከብ ለጀማሪ አደገኛ ነው። ባለሱቁ «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ካለ ከስድስት በላይ አይስጡት፤ በየሳምንቱም እየሄዱ የተሸጠውን ይቀበሉ፣ አቧራ የጠጣውን ይቀይሩ። ክፍያ በቴሌብር መቀበል ሒሳቡን ለመከታተልም ይረዳል። በቴሌግራም ለሚሸጡም ፎቶው በቀን ብርሃን የተነሣና ዋጋው በግልጽ የተጻፈበት ይሁን፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው አባባል ገዢን ያርቃል።

ትልቁ ሽያጭ የሚመጣው በበዓል ስለሆነ ቀኑ ወደ ኋላ እየተቆጠረ መሠራት አለበት። ታኅሣሥ 19 ለሚውለው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ሀዋሳ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው፤ ለዚያ ቀን የሚደርስ ሳሙና ከኅዳር 7 በፊት ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ መሆን አለበት። ለሐምሌ 19 ደግሞ ስድስቱ ሳምንት ሰኔ 7 ላይ ቢያደርሱንም፣ የክረምቱ ሁለት ሳምንት ሲጨመር ግንቦት 23 አካባቢ ይሆናል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ቀኑ በየዓመቱ ከዋክብትን አይተው ዘመን በሚቆጥሩት በሲዳማ አያንቱዎች የሚወሰን በመሆኑ፣ ቀኑ እስኪነገር ሳይጠብቁ የደረሰ ሳሙና በክምችት መያዝ ያስፈልጋል። ሆቴል ወይም ሰርገኛ ትእዛዝ ይዞ ሲመጣም በመጀመሪያ የሚነገረው ዋጋው ሳይሆን የሚደርስበት ቀን ነው፤ ከመደርደሪያው ላይ የሌለ ሳሙና በሁለት ሳምንት ውስጥ አይደርስምና፣ ግማሽ ክፍያ ተቀብሎ ቀኑን በጽሑፍ መስጠት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።